ጠብታን ማሻገር

አባባ ወደ ወንድሜ ጨዋታ የገቡት በሐኪም ምክር ነው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሰዓት አስሎ፣ ቃላት አስደግሞ፣ ከመቶ ወደ ኋላ አስቆጥሮ ሲያበቃ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና፣ «የመርሳት ሕመሙ ገና ጅምር ላይ ነው። አእምሯቸው ሥራ እንዳይፈታ አድርጉ። ከሰው ጋር ይቀመጡ፣ ይጫወቱ፣ ይከራከሩ» አለኝ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ መስኮት ዳር ቁጭ ብለው በታች የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይገመግማሉ። «ይሄ ፍሬን የለውም። ይሄኛው መንጃ ፈቃዱን በስጦታ ነው ያገኘው።» ይህ ቀልዳቸው እስካለ ድረስ እሳቸውም ያሉ ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ማተሚያ ቤት ውስጥ ንድፍ ሠሪ ነው። ቀን ቀን የመድኃኒት ካርቶንና የሠርግ ጥሪ ይነድፋል፤ የተረፈውን ጊዜ በሙሉ የሚሰጠው ግን ለራሱ ፈጠራ ነበር። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት የተረት ዓለም ነው። ለማያውቀው ላስረዳ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ። ተራኪው «በሩ ተቆልፏል፤ ከውስጥ የሚያለቅስ ሰው ይሰማችኋል» ይላል። እናንተ ምን እንደምታደርጉ ትነግሩታላችሁ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ፣ በስድስት ጎኑ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት ጠጠር፣ ይጣላል። ዳይሱ ያለው ይጸናል።

ወንድሜ የፈጠራት አገር ወንዞቿ ሽቅብ ይፈስሳሉ። ከባሕር ተነስተው ተራራ ይወጣሉ፤ ጫፉ ላይ ያለው ሐይቅ በየዓመቱ ይሞላል፤ ሕዝቡ ሐይቁ የሚገነፍልበትን ቀን እየፈራ ይኖራል። ካርታዋን በእጁ ሥሏታል። የየመንደሩን ገበያ፣ የየበሩን ጠባቂ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሳይቀር ያውቃል። ከሁሉ በላይ የሚኮራው ግን በአንድ ሕግ ነበር። «ሌላው ጨዋታ ላይ ሞት እንደ ጉንፋን ነው፤ አንድ ጠርሙስ ጠጥተህ ትነሳለህ። እኔ ጋ የሞተ ሞተ። ሰው የሚጠነቀቀው ያኔ ነው» ይላል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባባ ቤት መሰብሰብ ጀመርን። እኔ ከአባባ ጋር ነበር የምኖረው፤ ወንድሜ ተከራይቶ ወጥቷል። አራተኛዋ ወንበር የረጅሙ ነበረች። ረጅሙ የወንድሜ የልጅነት ጓደኛ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የሰው በር ሁሉ ላይ ግንባሩን እየመታ ነው። እሱ ሌባ ሆነ። እኔ ሐኪም ሆንኩ፤ በሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስለምሠራ፣ «የቆሰለ ሁሉ ጥርስ ሊገባለት ነው» እያለ ረጅሙ ይሥቅብኛል።

አባባ መጀመሪያ ቀን እጃቸውን አጣጥፈው ካርታውን አዩና፣ «ወንዙ ሽቅብ የሚሄድ ከሆነ፣ ዳገት ላይ ውኃው ከኋላ ይገፋሃል ማለት ነው። ፍሬን የሚያስፈልገው ሽቅብ ስትሄድ ነዋ» አሉ።

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ደክሞባት ይህን አላሰበውም። በሚቀጥለው እሑድ የአገሪቱ ሰረገላዎች ሁሉ የኋላ ማቆሚያ ሰንሰለት ተገጥሞላቸው ጠበቁን።

አባባ የሰረገላ ነጂ ሆኑ፤ ሌላ ምን ሊሆኑ? ተሳፋሪ ይጭናሉ፣ መንገድ ይመርጣሉ፣ ከመነሳታቸው በፊት ዘወር ብለው፣ «ሁሉ ገብቷል?» ይላሉ። ሽፍታ ሲመጣ እኛ ሰይፍ ስንመዝ እሳቸው ተሳፋሪውን ከሰረገላው ሥር ያስገባሉ። በዚያ ወቅት ቤት ውስጥ የመድኃኒታቸውን ሰዓት ይረሱ ነበር፤ የእሑዱን ጨዋታ ግን ከእሑድ እስከ እሑድ አይረሱም።

አንድ እሑድ ወንድሜ አዲስ ሰው አስገባ። ዝናብ ሲዘንብ ከሰረገላው ሥር ተጠልላ የተገኘች፣ ሰው የሌላት ልጅ። ድምፅዋን ራሱ ነበር የሚያወጣላት፤ ቀጠን አድርጎ፣ ቃላት እየቆጠበ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ታፏጫለች፤ አደጋ ሲኖር ዝም ትላለች። አባባ ስምሽ ማነው አሏት። የለኝም አለች። «እንግዲያው ጠብታ ነሽ። ከኋላዬ ተቀመጪ፤ ከዚያ ወንበር እንዳትነቃነቂ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሌላ ሆነ። አባባ ለጠብታ ይሸምቱላታል፣ ይቆጧታል፣ መንዳት ያስተምሯታል። ወንድሜም ከማተሚያ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ እያፏጨ ይለማመድ ነበር።

የድልድዩ ቀን ማንም ያሰበው አልነበረም። ውኃው እየጨመረ ነበር፤ እኛ ከኋላ የሚያሳድደን ነበረን፤ አባባ በእንጨት ድልድይ ለመሻገር ወሰኑ። ወንድሜ አሰበና፣ «ድልድዩ አርጅቷል። ግን እርስዎ ጎበዝ ነጂ ነዎት። ከአንድ በስተቀር ምንም ቢመጣ ታልፋላችሁ» አለ። አባባ ዳይሱን በሁለት እጃቸው አሽተው ጣሉት። ተንከባለለ፣ የመነጽራቸውን ማኅደር ገጭቶ ቆመ።

አንድ ነው።

«ይደገም!» አለ ረጅሙ። «ማኅደሩን ነክቷል፤ ይሄ አይቆጠርም።»

ወንድሜ አባባን አየ። አባባም ዳይሱን አዩ። «ጥያለሁ፤ መጥቷል። ሕግ ሕግ ነው» አሉ።

ወንድሜ ሲተርክ ጎበዝ ነበር፤ ጥፋቱም ጎበዝነቱ ነው። የኋላው ጎማ እንዴት እንደተሰበረ፣ ሰረገላው እንዴት እንደዘመመ፣ እኛ ገመድ ይዘን ስንተርፍ ልጅቷ «ከዚያ ወንበር እንዳትነቃነቂ» ስለተባለች አለመነቃነቋን ነገረን። ፉጨቷ ተሰማ፤ ከዚያ ውኃው ብቻ። አባባ ተነሡና ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። እኔ ወንድሜን በክርኔ መታሁት።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። «ዳይሱ ነው እኮ።»

ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልሆነም። አባባ ደጋግመው የሚናገሩት እየበዛ፣ የሰው ስም እየጠፋቸው ሄደ። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብ፣ «አስከሬኗ ተገኘ?» አሉኝ።

«የማን አስከሬን አባባ?»

«የልጅቷ።» ዓይናቸው ቀልቷል። «ሠላሳ ዓመት ነድቼ አንድ ሰው ጭሬ አላውቅም። አሁን በመጨረሻ ልጅ ገደልኩ።»

በአእምሯቸው ውስጥ ሰረገላው አውቶቡስ ሆኗል። ድልድዩ እኛው ከተማ ውስጥ ያለ ድልድይ ሆኗል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ እጃቸውን ይዤ፣ ጨዋታ እንደነበር አስረዳሁ። ካርታውን አመጣሁ፤ ዳይሱን አሳየሁ። ቀስ በቀስ ገባቸው። ሲገባቸው ያየሁት ፊት ግን ከበፊቱ የባሰ ነበር። «ታዲያ አብጃለሁ ማለት ነዋ» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ይህን ረስተው ልጅቷን ብቻ አስታወሱ።

በዚያው ሳምንት በምሠራበት የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ እጄ በጀሶ ተለውሶ ስልክ መጣልኝ። የትራፊክ ፖሊስ ነው።

«አባትሽ እኛ ጋ ናቸው። ሰላም ናቸው፤ አትደንግጪ። አደጋ አድርሻለሁ፣ እሰሩኝ ይላሉ።»

ወንድሜን ደውዬ ጠራሁትና እኩል ደረስን። አባባ የድሮ የሥራ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፎቹን እስከ አንገት ቆልፈው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ከተለመደው ወጣ ያለ ትሕትና ነበረው፤ ውኃ ሰጥቷቸዋል።

«አውቶቡሱ ወንዝ ገባ ይላሉ። እኛ ጋ የተመዘገበ የለም። ሟቿ ማናት?» አለ።

ወንድሜ መለሰለት። «የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ?»

«አዎ። ዳይስ ጣሉ፣ አንድ መጣ፣ ሞተች።»

ፖሊሱ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ሽማግሌ የሚያስለቅስ?» አለ። አባባ ስንወጣ ወደ ኋላ ዞረው፣ «የልጅቷ ቤተሰቦች ሲመጡ ጥሩኝ፤ አልሸሽም» አሉት። ፖሊሱም፣ «እሺ አባቴ፣ እንጠራዎታለን» አለ። እንደዚያ ስላለ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ደረጃው ላይ ወንድሜን ያዝኩት። «መልሳት» አልኩት።

«ማንን?»

«ልጅቷን። አንተ ነህ የፈጠርካት፤ በሕይወት ተገኘች በላቸው።»

«እታለም፣ ሞታለች እኮ» አለኝ። የሚያፌዝ መስሎኝ ልጮህበት ስል ዓይኑን አየሁ። እያፌዘ አልነበረም። ለእሱም ሞታ ነበር።

ያም ሆኖ ሞከረ። ጎናቸው ተቀምጦ፣ «አባባ፣ ጠብታ ተገኝታለች። ዓሣ አጥማጆች አወጧት» አላቸው። አባባ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። «ሰው ሲጽናና አላውቅም መሰለህ? እናታችሁ የሞተች ጊዜም ሐኪሙ እንዲህ ነበር የሚያወራው» አሉት። ቃል አልበቃቸውም። የጣሉት በእጃቸው ነው፤ ያዩት በዓይናቸው ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ድልድዩን እንደገና ዘረጋ። በሥራ ቀን፣ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ፣ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ አነጠፈና፣ «አባባ፣ ድልድዩ ጋ ደርሰናል። ምን እናድርግ?» አላቸው። አባባ ቀና አሉ። ወንበራቸውን አስጠጉ። ረጅሙም ተጠርቶ መጥቶ ነበርና ሌባውን ሆኖ፣ «ይንዱት አባባ፣ እኔ ኋላውን እይዛለሁ» አለ። ዳይሱ ተጣለ። አራት መጣ። ወንድሜ ጎማዎቹ እንዴት እየተንጫጩ እንዳለፉ ተረከ፤ ማዶ ደርሰው ልጅቷ ስታፏጭ አሰማ። አባባ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። «ሁሉ ገብቷል? ሁሉ አለ?» አሉ። በዚያ ምሽት እንደ ልጅ ተኙ።

በማግስቱ ግን መሻገሯን ረስተውታል። መስጠሟን አልረሱም። ለምን ክፉው ብቻ እንደሚቀር ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ወንድሜም እንደገና መጣ፣ እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና አሻገሯት። በየቀኑ። ሐቀኛ በሆነው ዳይስ ነበር፤ ሌላ ዳይስ እንጠቀም ስለው፣ «ከማታለል ጋር ጨዋታ የለም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እሳቸውም እውነተኛ ፍርሃት ሲፈሩ ነበር የሚያምኑት።

አንድ ቀን እንደገና አንድ መጣ።

ያን ቀን አልናገረውም። ጎረቤት በር አንኳኳ፤ ረጅሙ አባባን አቅፎ ይዞ ነበር፤ ወንድሜ ካርታውን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ «አላለቀም፣ አላለቀም» ይላል፤ የሚሰማው የለም።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ቀደም ብዬ ገባሁ። የወንድሜን ዳይስ ቅርጽ በጀሶ አውጥቼ፣ ለድድ ከምንጠቀምበት ሳይሆን ለጥርስ ከሚሆነው ነጭ አክሪሊክ ፕላስቲክ አምሳያውን ሠራሁ። በአንድ በኩል፣ አንድ ነጥብ ካለበት ጎን ሥር፣ ትንሽ ብረት ቀበርኩ። ከባዱ ጎን ወደ ታች ስለሚሄድ ስድስቱ ወደ ላይ ይቀራል። እንደ ጥርስ አለስልሼ ወለወልኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ጣልኩት፤ ስድስት። ጣልኩት፤ ስድስት። በሥራዬ የሰው አፍ ውስጥ የሚገባ፣ ከእውነተኛው የማይለይ ነገር ስሠራ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን እጄን ታዝቤው አላውቅም።

ወንድሜ ዳይሱን መዳፉ ላይ አገላበጠው። ክብደቱን ወዲያው አወቀ። ኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ጠብታ ሁልጊዜ ተሻገረች። አባባ ይፈራሉ፣ ይጥላሉ፣ ስድስት ይመጣል፣ ያጨበጭባሉ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ነገር ነው። ሌላውን ቀናቸውን በሰላም ያሳልፋሉ። እኔ ዕረፍት አገኘሁ፤ አልዋሽም። ወንድሜ ግን ከሳ። መጀመሪያ ላይ ለራሱ ሲል ነገሩን ይለዋውጥ ነበር፤ አንድ ቀን ዝናብ ያመጣል፣ አንድ ቀን ማዶ ላይ ገበያ ይተክላል። በኋላ ያንንም ተወ። አንድ የመጫወቻ ዕቃ ነጋዴ ጨዋታውን ሊያሳትምለት ፈልጎ ነበር፤ የሕጎቹን ጽሑፍ ጨርስልኝ እያለ ደወለ፣ ደወለ፣ ተወው።

አንድ ምሽት ደረጃው ላይ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። «አዲስ ነገር አይመጣልህም?» አልኩት።

«ምኑ? እሷ ድልድዩ ላይ ናት» አለኝ። «እሳቸው በየቀኑ ስትተርፍ ያያሉ። እኔ ዳይሱን እያየሁ ስለምተርክ፣ በየቀኑ ስትሰምጥ ነው የማየው። ካላሰመጥኳት ላተርፋት አልችልም።»

«እኔ ልተርክላቸው?»

«አትችይም። ማፏጨት አትችይም» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። እውነቱን ነው፤ አልችልም።

ክረምቱ ሲገባ አባባ እየራቁ ሄዱ። ሹካ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ጠፋቸው። ስለ ጠብታ መጠየቅ ያቆሙበትን ቀን ልብ ያለው የለም፤ ወንድሜም ልማድ ሆኖበት መምጣቱን ቀጠለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ካርታውን ሲዘረጋ አባባ በትሕትና አዩት። ዳይሱን ሰጣቸው። አገላብጠው አዩት፣ ወደ አፋቸው ወሰዱት፤ እኔ ዘልዬ ከጣታቸው አወጣሁት።

«አባባ፣ ድልድዩ ጋ ደርሰናል» አለ ወንድሜ።

አባባ አዘኑለት። እንደማያውቁት ሰው፣ ግን እንደሚያዝኑለት ሰው፣ እጁን ያዙት። «ጌታዬ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቤትዎ ይግቡ እንጂ። ሰው ይጠብቅዎ የለም?» አሉት።

ወንድሜ ካርታውን ጠቀለለ። «እሺ አባቴ» አለ፤ ልክ እንደ ፖሊሱ። ከዚያ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እስኪጨልም ድረስ እዚያው ነበር። ልገባበት አልደፈርኩም። ለወራት እንዲቆምለት የተመኘው ነገር ቆሞለታል፤ የሚያለቅሰው ግን ስለቆመ ነበር።

አባባ ያንኑ ክረምት በሳንባ ምች ሞቱ። ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ሁለታችንም አጠገባቸው ሆነን፣ ሳይጨነቁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ማንንም አልጠሩም፤ ማንንም አልፈሩም። የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ «ዐረፉ» አለን። ወንድሜ ይህን ቃል በሰማ ቁጥር መስኮቱን ይመለከት ነበር።

ልብሳቸውን ስናወጣ፣ «በክርንሽ የመታሽኝ ትክክል ነበርሽ» አለኝ በድንገት። «ያን ቀን ይደገም ማለት ነበረብኝ። ረጅሙ ብሏል፤ ማኅደሩን ነክቷል ብሏል።»

«አባባ ራሳቸው አይደገምም አሉ እኮ።»

«እሳቸውማ ሹፌር ናቸው። ተራኪው እኔ ነኝ።»

ኮቱን አጥፌ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።

ከወራት በኋላ ረጅሙ የራሱን ጠረጴዛ አቋቋመ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ጓዳ ውስጥ፣ በሽቦ ጥቅሎች መካከል። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹና አንዲት አስተማሪ አሉ። እኔንና ወንድሜን ለምኖ አስመጣን። ረጅሙ ተራኪነት አይሆንለትም፤ ተራራው ይንቀሳቀስበታል፣ የገደለውን ሰው ረስቶ እንደገና ያናግረዋል፣ «ቆይ ቆይ፣ ተሳሳትኩ» ይላል፤ ሰው ይሥቃል።

ዙሩ ወንድሜ ጋ ደረሰ። «አንተስ? ማንን ትሆናለህ?» አለው ረጅሙ፤ ድምፁን አለስልሶ።

ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አሰበ። «ቤት የሚቀር ሰው» አለ በመጨረሻ።

«እሺ። ምን ይሠራል?»

«ምንም። ከእናንተ ጋር አይሄድም።»

አስተማሪዋ ሣቀች፤ ቀልድ መስሏት። ረጅሙ እኔን አየኝ። ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ፣ ወንድሜ እንዳለው ጻፈለት። የቀሩት ጉዞ ጀመሩ፤ ጫካ ገቡ፣ ተዋጉ፣ ጠፉ፣ ተገናኙ። ወንድሜ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ተራው በደረሰ ቁጥር ረጅሙ አያልፈውም፤ «ቤት ያለውስ ሰውዬ?» ይለዋል።

«አለ» ይላል ወንድሜ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ቀረ፤ ብቻዬን ሄድኩ።